ሴሉ እንዳይከፋፈል የሚያቆመው ፕሮቲን ፒ53 ነው ወይስ ፒ21?

ሴሉን ወደ መከፋፈል የሚገፋውን ኢንዛይም፣ ሲዲኬ2ን፣ በቀጥታ ይዞ የሚያስቆመው ፒ21 ነው። ፒ53 ትእዛዝ ሰጪው ነው። ደብረ ማርቆስ ያሉት መምህርሽ «ሁለቱም ያቆማሉ» ማለታቸው ትክክል ነው፤ አንቺን ያምታታሽ ቅደም ተከተሉ ነው።

ዲኤንኤ ሲጎዳ ፒ53 ሳይፈርስ ይከማቻል፣ የፒ21ንም ጂን ያስነሳል። ፒ21 ደግሞ ሲዲኬ2 እና እሱን የሚያሠራው ሳይክሊን ኢ የተባለ ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል። ያኔ ፎስፌት የሚጨምረው ሲዲኬ2 ስለቆመ አርቢ የተባለው ፕሮቲን ፎስፌት በበቂ አይጨመርበትም፤ ዲኤንኤ ለማባዛት የሚያስፈልጉ ጂኖችን የሚያስነሳውን ፕሮቲን፣ ኢ2ኤፍን፣ እንደያዘ ይቀራል። ኢ2ኤፍ ካልተለቀቀ ሴሉ ዲኤንኤ ወደሚባዛበት ምዕራፍ አይገባም። እቺን ሰንሰለት ደጋግመሽ በእጅሽ ሳዪያት፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ተማሪ ሳስጠና ብዙዎች የሚሳሳቱት «ፒ21 ካለ ፒ53 እየሠራ ነው» በሚለው ላይ ነው። ቲጂኤፍ ቤታ የተባለው ለሴሎች መልእክት የሚያደርስ ፕሮቲን ያለ ፒ53ም ፒ21ን ያስነሳል። ፈተናው ፒ53 የሌለው ሴል ከሰጠሽ፣ «ፒ21 የለም» ብለሽ አትቸኩዪ።