ሊብፒቱፒን ከየት ልጀምረው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ሊብፒቱፒ ስለሚባለው ፒር ቱ ፒር ላይብረሪ ናቸው፤ ኮምፒውተሮች እርስ በእርስ በቀጥታ እንዲገናኙ የሚያደርግ፣ ፕሮግራመሮች አፓቸው ውስጥ የሚያስገቡት የተዘጋጀ ኮድ ነው። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ እሱ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ሰዎች በመሃል ማንም ሳይገባ ፋይል የሚላላኩበት አፕ በጎላንግ የፕሮግራም ቋንቋ እየሠራሁ ነው። አንድ ጓደኛዬ «ሊብፒቱፒን ተጠቀም፣ ከሰርቨር ጣጣ ትገላገላለህ» አለኝ። ሰነዱን ስከፍተው ግን ዞረብኝ። ትራንስፖርት፣ መልቲፕሌክሰር፣ ዲኤችቲ፣ ጎሲፕሰብ፣ ሪሌይ፣ አውቶናት... ሁሉንም ማወቅ ሊኖርብኝ ነው? ደግሞስ እውነት ሰርቨር አያስፈልገኝም?

መልስ፦ አይዞህ፣ ሰነዱን ከፍቶ ያልዞረበት ሰው አላውቅም። ሰነዱ የሚያሳይህ ላይብረሪው ውስጥ ምን ምን እንዳለ ነው። ለአንተ ምን እንደሚበቃህ አይነግርህም።

ነገሩ የመጣው ከአይፒኤፍኤስ፣ ያለ ማዕከላዊ ሰርቨር ፋይል ከሚጋራበት ኔትወርክ፣ ነው። ፕሮቶኮል ላብስ አይፒኤፍኤስን ሲሠራ የኔትወርኩን ክፍል ከቀረው ኮድ ነጥሎ አወጣው፤ ራሱን የቻለ ላይብረሪ ሆነ። ዛሬ ኢቴሪየም የሚባለው ብሎክቼይን የኮንሰንሰስ ኖዶች (በጋራ መዝገቡ ላይ የሚስማሙት ማሽኖች፤ ኖድ ማለት ኔትወርኩ ላይ ያለ አንድ ማሽን ነው) የሚነጋገሩት በእሱ ነው። ፋይልኮይንና ፖልካዶትም ይጠቀሙበታል። የእነዚህ ፍላጎት ለየቅል ነው። አንዱ ለብዙ ሺህ ኖዶች በሰከንዶች ውስጥ መልእክት ማዳረስ ይፈልጋል፤ ሌላው ትልልቅ ዳታ ማመላለስ። ለዚህ ነው በየክፍሉ ተነጣጥሎ የተሠራው። የሚያስፈልግህን ታነሳለህ፣ የቀረውን ትተዋለህ። ያንተ አፕ ደግሞ ኢቴሪየም አይደለም።

ለፋይል መላላኪያ አራት ነገር ይበቃሃል። ኖድህ ማን እንደሆነ የሚያሳይ መታወቂያ፣ ዳታው የሚሄድበት ትራንስፖርት፣ ምስጠራ፣ በአንድ ግንኙነት ላይ ብዙ ስትሪም (የዳታ መስመር) የሚከፍት መልቲፕሌክሰር። ለትራንስፖርቱ ቲሲፒን ከመረጥክ ምስጠራውን ኖይዝ ወይም ቲኤልኤስ 1.3 ይሠራልሃል፤ ስትሪሙን ያመክስ የሚባለው መልቲፕሌክሰር ይከፋፍልልሃል። ኩዊክን ከመረጥክ ደግሞ ምስጠራውም ስትሪሙም እዚያው ውስጥ ስላለ ለየብቻ መምረጥ አይጠበቅብህም። በጎላንግ ምንም ሳትመርጥ ብታስነሳው እንኳ እነዚህን ነባሪ አድርጎ ይዞልህ ይመጣል። የመጀመሪያው ኮድህ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ አይግረምህ።

ከአራቱ መታወቂያው ላይ ቆም በል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው።

እያንዳንዱ ኖድ የቁልፍ ጥንድ አለው፤ አንዱ የግል፣ አንዱ ይፋዊ። የኖዱ መታወቂያ የሚወጣው ከይፋዊው ቁልፍ ነው። በብዛት የምታየው በ12ዲ3 የሚጀምር ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ቁልፍ ካልሰጠኸው ላይብረሪው በተነሳ ቁጥር አዲስ ቁልፍ ይፈጥራል። አፑን ዘግተህ ስትከፍት ሌላ ሰው ሆንክ ማለት ነው። ትናንት ለጓደኛህ የላክህለት አድራሻ ዛሬ ዋጋ የለውም። መፍትሔው ቀላል ነው። አፑ መጀመሪያ ሲነሳ የግል ቁልፉን ፋይል ላይ ያስቀምጥ፤ ከዚያ ወዲያ እሱን ያንብብ። ፋይሉን ሌላ ሰው እንዳያነብ ፈቃዱን አጥብቀው። ከኮድህ ጋር ወደ ጊት ደግሞ እንዳትሰቅለው!

አድራሻው ራሱ እንዲህ ያለ መልክ አለው፦ /አይፒ4/192.168.1.7/ቲሲፒ/4001/ፒቱፒ/ ከዚያ መታወቂያው። ኮዱ ላይ በላቲን ፊደል ነው የምትጽፈው። ከግራ ወደ ቀኝ አንብበው፦ በዚህ አይፒ፣ በዚህ ፖርት፣ ይህንን ኖድ አገኛለሁ። የመጨረሻዋ ክፍል ጌጥ አይደለችም። እዚያ አይፒ ላይ ሌላ ኖድ ከተገኘ ቁልፉ ስለማይገጥም ግንኙነቱ ይፈርሳል። ይህን ያህል ጥበቃ በነጻ ነው ያገኘኸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኖድህ ሲነሳ አድራሻዎችህን ብታሳትማቸው ብዙ መስመር ይወጣል። ከእነሱ 127.0.0.1 ያለበትን ቀድተህ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ብትልክ ያ ኮምፒውተር የሚፈልገው ራሱን ነው። ከዚያ «ላይብረሪው አይሠራም» ተብሎ ይጻፍልኛል። የውስጥ ኔትወርኩን ቁጥር የያዘውን መስመር ላክ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። ዲኤችቲው፣ ማለትም በብዙ ኖዶች ላይ ተከፋፍሎ የሚቀመጠው ማውጫ፣ በካዴምሊያ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ማይሙንኮቭና ማዚየርስ በ2002 ያቀረቡት አሠራር። የሚያስፈልግህ የአንድን ኖድ መታወቂያ እያወቅህ ያለበትን ቦታ ሳታውቅ ስትቀር ነው። ሁለቱ ሰዎችህ አድራሻ ከተለዋወጡ ለጊዜው ተወው። በአንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ ኖዶች እንዲተዋወቁ ኤምዲኤንኤስ ይበቃል። ጎሲፕሰብ አንድ መልእክት ለብዙዎች ለማዳረስ ነው። እያንዳንዱ ኖድ ለጥቂት ጎረቤቶች ብቻ ይልካል፤ በነባሪው ወደ 6 ገደማ። እነሱ ደግሞ ለጎረቤቶቻቸው ያቀብላሉ። ፋይል ለመላክ ግን አታምጣው።

አሁን ወደ ሰርቨሩ። ጓደኛህ የነገረህ ግማሹን ነው። ዳታህን የሚይዝ፣ ተጠቃሚ የሚመዘግብ ማዕከላዊ ሰርቨር ላይኖርህ ይችላል። ግን አዲስ ኖድ ሲነሳ ቢያንስ የአንድ ሌላ ኖድ አድራሻ ማወቅ አለበት። አድራሻውን ሰዎቹ በቴክስት ወይም በኪውአር ኮድ ከተለዋወጡ ጥሩ። ካልሆነ ሁልጊዜ የሚበራ፣ አድራሻው የማይለዋወጥ ማሽን አንድ ቦታ ማስቀመጥህ አይቀርም። ከውስጥ ኔትወርክ ስትወጣ ደግሞ ይህ ማሽን ይበልጥ ያስፈልግሃል፤ ምክንያቱን ቀጣዩ ጥያቄ ላይ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ ሁለት ላፕቶፕ አንድ ዋይፋይ ላይ ሳደርጋቸው በደንብ ይገናኛሉ። አንዱን ሌላ ኢንተርኔት ላይ ሳደርገው ግን ጊዜው አልፏል ብሎ ይቆማል። ሪሌይ (በመሃል ሆኖ ዳታ የሚያቀብል ኖድ) ሞከርኩ፣ ተገናኘ፤ ፋይሉ ግን መሃል ላይ ይቋረጣል። የት ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ አልተሳሳትሽም እህቴ። የራውተር ነገር ነው። ከራውተር ጀርባ ያለ ኮምፒውተር ወደ ውጭ መደወል ይችላል፤ ከውጭ ሳይጠራ የመጣውን ግን ራውተሩ ለማን እንደሚሰጠው አያውቅም፣ ይጥለዋል። ሁለታችሁም ከራውተር ጀርባ ከሆናችሁ ማንም ማንንም ቀድሞ ማግኘት አይችልም።

ሊብፒቱፒ ይህን በደረጃ ነው የሚፈታው። መጀመሪያ አውቶናት ሌሎች ኖዶችን «እስቲ መልሳችሁ ደውሉልኝ» ብሎ ከውጭ መገኘት አለመገኘቱን ያጣራል። ካልተገኘ ኖድሽ ሪሌይ ላይ ቦታ ይይዛል፤ ሌላው ኖድም በሪሌዩ በኩል ይደርሰዋል። ከዚያ ዲሲዩቲአር የሚባለው ፕሮቶኮል ሁለቱን በሪሌዩ በኩል ያነጋግራቸውና በአንድ ቅጽበት እርስ በእርስ ይደዋወላሉ። ሁለቱም ራውተሮች «ይህማ ከውስጥ የተጀመረ ነው» ብለው ያሳልፋሉ። ቀጥታው መንገድ ከተከፈተ ሪሌዩ ሥራውን ጨረሰ።

ፋይልሽን የሚያቋርጠው ሪሌዩ ነው፤ ሆን ተብሎም ነው። በጎላንጉ ነባሪ አሠራር አንድ የሪሌይ ግንኙነት 2 ደቂቃ ወይም 128 ኪሎባይት ብቻ ይፈቀድለታል። ያ ለመተዋወቅ ይበቃል እንጂ ፎቶ እንኳ በቅጡ አያሳልፍም። የሰው ማሽን በነጻ የሌላውን ፊልም እንዳያመላልስ ነው ገደቡ። እኔ ይህን ገደብ እወደዋለሁ። ሪሌይ ባይገደብ ኖሮ ማንም ቀጥታ መንገድ ለማግኘት አይደክምም ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀጥታ መንገድ የመክፈቻው አማራጭ በሁለቱም ኖዶች መብራቱን አረጋግጪ። ፋይሉን ከመላክሽ በፊት ደግሞ ግንኙነቱ ቀጥታ መሆኑን ኮድሽ ይመልከት፤ ገና በሪሌይ ላይ ከሆነ ጥቂት ይጠብቅ። በጎላንግ በሪሌይ ግንኙነት ላይ ተራ ስትሪም ክፈት ብትይው ፈቃድ ካልሰጠሽው እምቢ ይልሻል። ያ ስህተት ሲመጣ አትናደጂ፤ እየጠበቀሽ ነው።

ሁልጊዜ ይሳካል ማለት ግን አይደለም። በሰፊው ኔትወርክ ላይ በተደረገ ልኬት የተሳካው ከ10 ሙከራ 7 ያህሉ ነው። ለቀሩት ሦስቱ ዕቅድ ያስፈልግሻል። የራስሽን ሪሌይ ተከራይተሽ ገደቡን ከፍ ማድረግ ትችያለሽ፤ ያኔ ግን የኢንተርኔት ሒሳቡ ያንቺ ነው።

ጥያቄ፦ ስትሪም ላይ ጄሰን (በጽሑፍ መልክ የተቀመጠ ዳታ) እንልካለን። አጭሩ በትክክል ይደርሳል፣ ረዘም ሲል ግን ግማሹ ብቻ ይነበባል። አንዳንዴም ሁለት መልእክት ተጣብቆ ይመጣል። ባግ ነው?

መልስ፦ ባግ አይደለም። ስትሪም የሚያመጣላችሁ ባይት ብቻ ነው፤ መልእክት የሚባል ነገር አያውቅም። «አንብብ» ስትሉት እስከዚያ የደረሰውን ይሰጣችኋል። ግማሽ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ተኩል ሊሆን ይችላል። ከእያንዳንዱ መልእክት በፊት ርዝመቱን ጻፉ። ተቀባዩ መጀመሪያ ርዝመቱን ያንብብ፣ ቀጥሎ ያንኑ ያህል ባይት እስኪሞላ ይጠብቅ። ለርዝመቱ ጣሪያ አብጁለት። አለበለዚያ አንድ ክፉ ሰው «የምልከው 4 ጊጋባይት ነው» ቢላችሁ አፑ ያን ያህል ሚሞሪ ሊይዝ ይነሳል።

ሌላም ነገር አለ፣ እግረ መንገዴን። ስትሪም ከፍታችሁ ምንም ሳትጽፉ ብትጠብቁ በወዲያኛው በኩል ያለው ተቀባይ ፈንክሽን ላይጠራ ይችላል። ላይብረሪው የፕሮቶኮል ድርድሩን ከመጀመሪያው ጽሑፋችሁ ጋር አብሮ ሊልከው ስለሚችል ነው። ከፋቹ ቀድሞ ይጻፍ። ሁለቱም ወገን «አንተ ቅደም» እየተባባለ ተፋጦ የቀረ ኮድ ስንቱን ሰው እንቅልፍ እንደነሳ!

ጥያቄ፦ የአንድ ድርጅት ኃላፊ ነኝ። ፕሮግራመሮቻችን የሽያጭ ሲስተማችንን ወደ ሊብፒቱፒ እንቀይረው ይላሉ። ዳታው ተመስጥሮ ስለሚሄድ የይለፍ ቃልም አያስፈልግም ብለውኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ከይለፍ ቃሉ ልጀምር። ምስጠራው የሚያረጋግጥልዎ ከወዲያ ያለው ኖድ የዚያ ቁልፍ ባለቤት መሆኑን ነው። ሠራተኛዎ ይሁን የሰፈር ልጅ አይነግርዎትም። ማንም ሰው አዲስ ቁልፍ ፈጥሮ፣ ምስጠራውን በትክክል አልፎ ሊገባ ይችላል። የትኛው ቁልፍ ምን ማየት እንደሚፈቀድለት የሚወስነውን ክፍል ፕሮግራመሮችዎ ራሳቸው መጻፍ አለባቸው። ላይብረሪው ያልተፈቀደለትን ኖድ በር ላይ የሚመልሱበት መግቢያ ይሰጣቸዋል፤ ዝርዝሩን ግን አይሞላላቸውም።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ ሁሉም ሱቅ ወደ አንድ ዳታቤዝ የሚጽፍ ከሆነና ኢንተርኔታችሁ ደህና ከሆነ አትቀይሩት። የተለመደው የዌብ ግንኙነት፣ ኤችቲቲፒኤስ፣ ይበቃችኋል፤ የሚያውቀውን ሰው መቅጠርም ይቀላል። ሐሳቡ ትርጉም የሚኖረው ኢንተርኔት ሲጠፋ በአንድ ሕንጻ ውስጥ ያሉት ማሽኖች እርስ በእርስ መሥራት እንዲቀጥሉ ከፈለጋችሁ ነው። ያኔም ቢሆን አንድ ጥያቄ ይጠይቋቸው። ሁለት ሻጮች ግንኙነት በጠፋበት ሰዓት የመጨረሻዋን አንድ ዕቃ ለሁለት ደንበኛ ቢሸጡ፣ መስመሩ ሲመለስ የማን ይጸናል? ይህ ጥያቄ በሊብፒቱፒ አይፈታም፣ እነሱ ናቸው የሚፈቱት። መልሱን በጽሑፍ ይዘው ከመጡ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ይሞክሩት።