ስሙን ፈልጌ ሳነብ አወቀብኝ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 38 ነው፤ ሙያዬ ሒሳብ ሥራ። ባለፈው ሳምንት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን አንስቼ ኮሌጅ አብሮኝ የተማረ ልጅ ስም ሊንክድኢን ላይ (ሰው ሥራውንና ልምዱን የሚለጥፍበት ድረ ገጽ) ፈለግኩ። የኮስት አካውንቲንግ የቤት ሥራዬን ሲገለብጥ የኖረ ልጅ ነው። ስሙ ሥር «የፋይናንስ ዳይሬክተር» ይላል። ክራባቱን አስሮ፣ እጁን አጣምሮ ፎቶ ተነስቷል። ገጹን ከላይ እስከ ታች ሁለቴ አነበብኩት። በማግስቱ «ፕሮፋይሌን አይተህ ነበር፤ ደህና ነህ?» ብሎ ጻፈልኝ። ላብ አጠመቀኝ። እስካሁን አልመለስኩለትም። እንዴት አወቀ? ምቀኛ ሆኜ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያወቀው ሊንክድኢን ነግሮት ነው። አንድን ገጽ ማን እንዳየ ለባለቤቱ ያሳያል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ስምህን መደበቅ ትችላለህ። ግን በነጻ የምትጠቀም ከሆነ አንተም ያዩህን ሰዎች ማወቅ ይቀርብሃል። ፌስቡክ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። «ፕሮፋይልህን ማን እንዳየ እናሳይሃለን» የሚል አፕ ካጋጠመህ አትጫነው፣ ይለፍ ቃልህንም አትስጠው።

ምቀኛ ያልከውን ተወው። ሊዮን ፌስቲንገር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 እንደጻፈው፣ ሰው ራሱን የሚለካው ከሚመስለው ሰው ጋር ነው። ለዚህ ነው የዓለም ቢሊየነር ሁሉ እንቅልፍ ሳይነሳህ የቤት ሥራህን የገለበጠው ልጅ የነሳህ።

እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም። አንዲት የድሮ ጓደኛዬ ስሟ ሥር «መሥራችና ዋና ሥራ አስፈጻሚ» ብላ ሳይ ሳምንቱን ሙሉ ሥራዬ አስጠላኝ። በኋላ መንገድ ላይ ተገናኘን። «ስንት ሠራተኛ አለሽ?» አልኳት። «እኔና ላፕቶፔ» ብላ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺ ግን ደመወዝሽ በየወሩ ይገባልሻል አይደል?» አለችኝ። አጠያየቋን አልረሳውም። ለካ እሷም የእኔን ገጽ ስታነብ ከርማለች።

ያንተው ልጅ የእውነት ዳይሬክተር ሊሆን ይችላል፤ ይሁንለት። ስለ ሥራው ውጣ ውረድ ግን ገጹ ምንም አይነግርህም። እሱን የምታውቀው ስትጠይቀው ነው። በዚያ ላይ ትውውቁ ራሱ ይጠቅማል። የሶሲዮሎጂ ተመራማሪው ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ብዙዎቹ ወሬውን የሰሙት ከቅርብ ጓደኛ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው ነበር።

ስለዚህ ዛሬውኑ መልስለት። «አዎ አየሁህ፤ የት እንደደረስክ ለማወቅ ጓጉቼ ነው። እንኳን ደስ አለህ» በለው። የኮስት አካውንቲንጉን ነገር ግን እሱ ካላነሳው አንተ አታንሳ።