የሚያስቀምጥ መድኃኒት፦ መቼ ይዋጣል? መቼስ አይነካም?

ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ከጎጃም ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ሆድ ድርቀት ናቸው። ዛሬ አራቱን እመልሳለሁ። የሞጣውን አስቀድማለሁ፤ ጊዜ የማይሰጥ ነው።

«አባቴ ገበሬ ናቸው። ከትናንት ጀምሮ ሆዳቸው ተነፍቷል፤ ያስመልሳቸዋል፤ ፈስ እንኳ አልወጣ አላቸው። የትኛውን የሚያስቀምጥ መድኃኒት ልግዛላቸው?» (ከሞጣ)

ምንም አትግዛ። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዳቸው። ለጠያቂው መልእክቱ እንደደረሰኝ ይህንኑ ነግሬዋለሁ፤ እዚህ የምጽፈው ለሌሎቻችሁ ነው።

ሆድ ተነፍቶ ፈስ ጭምር ሲቆም ነገሩ ተራ ድርቀት አይደለም፤ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በደጋው አገራችን ለዚህ አንዱ ዋና ምክንያት የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል መጠምዘዝ ነው። በወንዶች ላይ ይበዛል። የተጠመዘዘ ጎማ ውሃ እንደማያሳልፍ ሁሉ አንጀቱም ምንም አያሳልፍም፤ እየቆየም ደም ያጣል። በዚህ ላይ ኮሶም ሆነ ኪኒን መስጠት የተዘጋውን አንጀት ከላይ መግፋት ነው፤ ሊቀደድ ይችላል። ቶሎ ከደረሱ ሐኪም ብዙ ጊዜ ከታች ቱቦ አስገብቶ ይፈታዋል። ከዘገዩ ግን የሞተውን አንጀት ቆርጦ ማውጣት ይመጣል። እባካችሁ «እስኪ ይንጋና እንየው» አትበሉ።

«ቢሳኮዲል ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ። ካልዋጥኩ አልወጣም። አንጀቴ ለምዶት ይሆን?» (ከደብረ ማርቆስ)

ቢሳኮዲል አንጀትን ቀስቅሶ የሚያሠራ መድኃኒት ነው። ማታ 5 ወይም 10 ሚሊግራም ይዋጣል፤ ከተዋጠ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ ይሠራል። ችግሩ የሚጀምረው በማግስቱ ነው። አንጀቱ ተጠርጎ ባዶ ሆኗል፤ እስኪሞላ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። እርስዎ ግን «ዛሬም አልወጣሁ» ብለው ይደግሙታል። ብዙ ሰው የሚጠመደው እዚህ ላይ ነው። በየቀኑ መውጣት ግዴታ አይደለም። ሳይደርቅና ሳያስምጥ ከሆነ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜም ጤና ነው።

ለወራት ሲወሰድ ውሃና ፖታሲየም ከሰውነት ያሟጥጣል፤ ያ ደግሞ ጡንቻንና ልብን ይነካል። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። እንደ ላክቱሎስ ባለ፣ ውሃ ወደ አንጀት ስቦ በሚያለሰልስ ሽሮፕ ሊተካልዎ ይችላል። እሱ አንድ ሁለት ቀን ይወስዳልና አይቸኩሉ። ቁርስ እንደበሉ ሽንት ቤት የመቀመጥ ልማድም ይኑርዎ፤ አንጀት ከምግብ በኋላ ይነቃል። ደም ካዩ ወይም ያለ ምክንያት ከከሱ ቀጠሮ አይጠብቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኪኒኗን በሁለት ማንኪያ መሀል ደቁሰው በወተት የሚሰጡ ሰዎች አይቻለሁ። አታድርጉት። ሽፋኗ የተሠራው ጨጓራን ሳትሟሟ አልፋ አንጀት እንድትደርስ ነው። ወተት ሽፋኑን ቀድሞ ያሟሟዋል፤ ከዚያ ቁርጠት ነው። ሳትሰበር፣ በውሃ ትዋጥ።

«የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጤና ጣቢያ የሰጡኝ የአይረን ኪኒን ሆዴን አደረቀው። ጎረቤቶቼ ጉሎ ዘይት ጠጪ ይሉኛል።» (ከዳንግላ)

እህቴ፣ ጉሎ ዘይቱን ተይው። ማህፀንን ሊያኮማትር ይችላል። ኮሶም ለነፍሰ ጡር አይሆንም። አይረኑን ግን እንዳታቋርጪ፤ ለአንቺም ለልጅሽም ደም ነው። ዓይነ ምድርሽ ቢጠቁር ከኪኒኑ ነውና አትደንግጪ። ጤና ጣቢያ ሄደሽ መድረቁን ንገሪያቸው፤ ላክቱሎስ ለነፍሰ ጡርም ይታዘዛል።

«ተልባ ይሻላል ወይስ የፋርማሲ መድኃኒት?» (ከቡሬ)

ለተራ ድርቀት ከተልባ ይጀምሩ። ግን ተልባ ውሃ ይመጥጣል፤ ውሃው ካነሰ ድርቀቱን ያባብሰዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ፣ ከፈቱ በኋላ እስኪተኙ ድረስ በየመሀሉ ውሃ ይጠጡ። ከሽሮው ጎን ጎመንና ባቄላ አይጥፋ። ሌላ መድኃኒት የሚውጡ ከሆነም ከተልባው ጋር ሁለት ሰዓት ያህል ያራርቁት።