በየቀኑ ለመሥራት በየቀኑ ገጽ መጨረስ የለብሽም

እህቴ፣ የጠየቅሽው የብዙዎቻችን ጥያቄ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ። የኮላዥ (ወረቀትና ጨርቅ እየቆራረጡ የመለጠፍ ሥራ) ደብተር ጀምረሽ፣ ለሳምንት ያህል በቀን አንድ ገጽ ሠርተሽ፣ ከዚያ ሀሳብም ጊዜም አልቆብሽ እንደተውሽው ነግረሽናል። ኮምቦልቻ ላይ የሥዕል ዕቃ እንደ ልብ እንደማይገኝ፣ የተገኘውም ዋጋው እሳት እንደሆነ፣ የምትጽፊውንም ቤተሰብ እንዳያነበው እንደምትሰጊ ጨምረሻል። «በየቀኑ የምትሠሩ ሰዎች እንዴት ነው የምትዘልቁት?» ነው ያልሽው።

እኔ የምኖረው ደሴ ነው። ወረቀቱን፣ ቀለሙን፣ ጨርቁንና ጽሑፉን አንድ ደብተር ላይ ማቀላቀል ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ያዘለቀኝ ነገር አንድ ነው። በየቀኑ ገጽ አልጨርስም፤ በየቀኑ ደብተሩን እነካዋለሁ። አንድ ቀን ወረቀት መቅደድ ብቻ ነው ሥራዬ። ሌላ ቀን ባዶ ገጽ ቀለም እቀባለሁ። በማግስቱ እለጥፋለሁ። ሲደርቅ እጽፍበታለሁ። ሦስት አራት ገጽ ጎን ለጎን ስለማስኬድ ሁልጊዜ የተጀመረ ነገር አለ። ሰውን የሚያስቆመው «ዛሬ ደግሞ ምን ልሥራ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ትናንት የለጠፍሽው ገጽ ደርቆ ከጠበቀሽ ግን ጥያቄው ራሱ አይነሳም።

ይህን ያስለመደኝ የደሴ አየር ነው። ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ከለበሰ ጠዋት የተለጠፈ ወረቀት እስከ ማታም አይደርቅም። እርጥቡ ላይ ሌላ ብትደርቢ ይቀደዳል፣ ቀለም ብታስነኪው ይድበሰበሳል። ስለዚህ ለነገ መተው የስንፍና ምልክት እንዳይመስልሽ፤ የሥራው ጠባይ ነው።

ስለ ዕቃው አትጨነቂ። ኮላዥን ከሥዕል ቁጥር ያስገቡት ሠዓሊዎቹ ፒካሶና ብራክ በ1912 እ.ኤ.አ. ሸራና ወረቀት ላይ የለጠፉት ጋዜጣና የግድግዳ ወረቀት ነበር። የኛው አገር አርቲስት ኤልያስ ስሜም ትልልቅ ሥራዎቹን የሚሠራው በክር፣ በቁልፍና በተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሽቦ ነው። ቤትሽ ውስጥ የሻይ ቅጠል ካርቶን፣ የሱቅ ደረሰኝ፣ ያለፈበት ሎተሪ፣ የታናናሾችሽ ያለቀ ደብተር አይጠፋም። ልብስ ሰፊ ጋ ሄደሽ ብጣሽ ጨርቅ ብትጠይቂ በደስታ ነው የሚሰጡሽ። ያረጀ የነጠላ ጥለት ካገኘሽማ በመርፌ ገጹ ላይ ስፊው፤ ኮላም አያስፈልገው። አንድ ነገር ግን እኔ አልነካም። ሥዕለ አድኅኖ ያለበትን ካላንደርም ሆነ የቁርኣን አንቀጽ ያለበትን ወረቀት መቀስ አላስነካም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ቡና ላይ በሚቀመጥበት አገር ደብተሬ ማንንም እንዲያስከፋ አልፈልግም።

ጋዜጣ ርካሽ ነው፤ ግን ከእንጨት የመጣው ሊግኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ስላልወጣለት ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ቢጫ ይሆናል። ከሥር ለሚሸፈነው ንጣፍ አድርጊው፣ ላይ ለሚታየው ጥሩ ወረቀት ፈልጊ። የቤተሰብ ፎቶ ደግሞ ዋናውን በጭራሽ እንዳትለጥፊ። ፎቶ ኮፒ አስነሺው፤ በቶነር (በደረቅ የዱቄት ቀለም) የሚሠራው ማሽን ያወጣው ኮፒ ሙጫ ሲነካው አይለቅም። በፈሳሽ ቀለም ከታተመ ግን ይፈስብሻል።

ሙጫውን እኔ ራሴ ነው የምሠራው። አንድ ሲኒ የስንዴ ዱቄት በአንድ ሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይጓጉል በደንብ እበጠብጣለሁ። አራት ሲኒ ውሃ አፍልቼ ብጥብጡን እያማሰልኩ እጨምራለሁ። ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን ማሳለፍ ሲጀምር አወርደዋለሁ። ቶሎ እንዳይሻግት የተወቀጠ ቅርንፉድ ቆንጠር አደርግበታለሁ። ስትለጥፊ ቁራጩን በጣትሽ ትንሽ ውሃ አስነኪው፣ ሙጫውን ስስ አድርጊ፣ ከዚያ በአሮጌ የባንክ ካርድ ጠርዝ ከመሃል ወደ ዳር ግፊው። አየሩ ሲወጣ በጣትሽ ይታወቅሻል። በላዩ ላይ ፌስታል አንጥፈሽ ደብተሩን ዝጊና ከባድ ነገር ጫኚበት። እኔ የምጭንበት የወፍጮ መጅ ነው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ። ጠዋት ሲነሳ ገጹ ልጥጥ ብሎ ይገኛል።

የተማሪ ደብተር ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ሁለት ሁለቱን ቅጠል አንድ ላይ ለጥፊ። ከመሃል መሃልም ጥቂት ቅጠል ቀንሺ፤ አለበለዚያ ደብተሩ አብጦ ስፌቱ ይበጠሳል።

ጊዜን በተመለከተ ሰዓት አልይዝም። ከሰዓት ቡናው ሲፈላ ደብተሬ አጠገቤ ነው። ቀለሜም ከዚያው ነው የሚወጣው። ከአቦሉ አንድ ማንኪያ፣ ከቶናው አንድ፣ ከበረካው አንድ አስቀርቼ ገጹን እቀባለሁ። ከደማቁ ቡናማ እስከ ስሱ ድረስ ሦስት ደረጃ ይሰጥሻል። እርድም ደስ የሚል ቢጫ ያወጣል፤ ግን ፀሐይ ቶሎ ስለሚያደበዝዘው ተዘግቶ ለሚቀመጥ ደብተር እንጂ ለግድግዳ አይሆንም።

እንግድነት የበዛበት፣ ለቅሶ የተደረሰበት፣ ሰውነት የደከመበት ቀን አለ። ያን ቀን አንድ ደረሰኝ ቀድዶ ደብተሩ ውስጥ መሸጎጥ ይበቃል። ቆጠራው እንዳይቋረጥ ብዬ አይደለም፤ ነገ ስትከፍቺው የምትጀምሪበት ነገር እንዲኖር ነው።

ጽሑፉን ሰው ያነብብኛል ያልሽው እኔንም ይገባኛል። ጻፊው፣ ከዚያ ሸፍኚው። በላዩ ወረቀት ለጥፊ ወይም ቀለም አልብሺው። እዚህ ወሎ የቁርኣን ተማሪ ሎህ (የእንጨት ሰሌዳ) ላይ ይጽፋል፣ ሲይዘው ያጥበውና ቀጣዩን ይጽፍበታል። የታጠበው ትምህርት አልጠፋም፤ ልጁ ይዞታል። ያንቺም የተሸፈነ ገጽ እንደዚያው ነው። እኔ በጣም የምወዳቸው ገጾች ከሥራቸው የተጻፈውን እኔ ብቻ የማውቃቸው ናቸው።

አንድ ማስተካከያ ላክልልሽ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች ከኛ ትሞቃለች። የለጠፍሽው ቶሎ ይደርቅልሻል፣ የዱቄት ሙጫው ግን ቶሎ ይበላሽብሻል። በግማሽ ሲኒ ዱቄት ብቻ ሥሪ፣ ቅርንፉዱን በርከት አድርጊ፣ መሽተት ከጀመረ ሳትሳሺ ድፊው። የመጀመሪያውን ገጽ ስትለጥፊ ከፈለግሽ ፎቶ አንስተሽ አሳዪን፤ የተጨማደደበት ካለ ምክንያቱን አብረን እናያለን።