ጥያቄና መልስ፦ የ1ኛ እና የ2ኛ ክፍል ልጆቻችን ምን እየተማሩ ነው?

የገጻችን ወላጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ማታ የካ አባዶ 1ኛ ክፍል የምታስተምር አባላችን ጥያቄ ትቀበላለች። አማርኛውንም ሒሳቡንም አካባቢ ሳይንሱንም ያው እሷው ናት የምታስተምረው። ስለ ምዝገባና ስለ ትራንስፖርት እንዳትጠይቋት አደራ ብላለች።

እናት፣ አባዶ፦ ቲቸር፣ ልጄ ሀሁን ከላይ እስከ ታች አንድ ሳይስት ይወጣዋል። መጽሐፍ ስሰጠው ግን ዝም ይላል። ሰነፍ ሆኖ ነው?

ቲቸር፦ አይደለም እህቴ፣ ዜማውን ሸምድዶት ነው። ገበታውን ደብቂና «ቶ»ን ብቻዋን በባዶ ወረቀት ጻፊለት። «ተ ቱ ቲ ታ…» እያለ ቆጥሮ ከደረሰባት፣ የሚያውቀው ተራዋን ነው፤ እሷን አይደለም። ዋናው 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። ይህን ሁሉ በተራ ማስጮህ ማንበብ ማስተማር አይባልም። ዛሬ ደጋግሜ እላታለሁ፣ ታገሡኝ፦ በተራ አታስጩኹ።

እኔ ክፍል ውስጥ ለ፣ መ፣ በ፣ ተን ነው የማስቀድመው። በእነዚህ ብቻ ላም፣ ቤት፣ በላ፣ ሞላ ይጻፋል፤ ልጁ በመጀመሪያው ወር ቃል አነበበ ማለት ነው። ከዚያ ቅርጹን አሳዩት። ካዕቡ (ሁለተኛው፣ እንደ «ቡ») ወገቡ ላይ ሰረዝ ያወጣል፣ ኃምሱ (አምስተኛው፣ እንደ «ቤ») እግሩ ላይ ቀለበት አለው። «ባ» ግራ እግሯ አጭር ነው፣ «ቦ» ቀኝ እግሯ። የማይታዘዙ አሉ፣ «ሩ» እና «ፉ»ን የመሰሉ፤ እነሱ ቆይተው ይመጣሉ።

ልጆቹ የሚወድቁት ግን ሳድስ ላይ፣ ስድስተኛዋ ላይ ነው። ይህቺን ወላጅ ሁሉ ይዘላታል። አንደኛ ቅርጿ ደንብ የላትም፤ ል፣ ም፣ ን፣ ድ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ነው የሚጣመሙት። ሁለተኛ ድምፅዋ ሁለት ነው። «ልብስ» በሉ እስቲ። «ል» ላይ ትንሽ ድምፅ አለ፣ «ብ» እና «ስ» ላይ ግን ምንም የለም። በገበታው ሦስቱንም አንድ ዓይነት አድርጎ የለመደ ልጅ «ልእ፣ ብእ፣ ስእ» ይልና ሦስቱን መግጠም ያቅተዋል። እናንተ ደግሞ «ፊደሉን እያወቀ እንዴት አያነብም» ብላችሁ ትቆጡታላችሁ። መፍትሔው ቃሉን መጀመሪያ በአፍ ማስባል ነው፤ «ልብስ» ይበል፣ ያጨብጭብ፣ ከዚያ ይጻፍለት። መጥበቅና መላላቱም አይጻፍም። «ገና መጣ» የሚለውን በዓሉ ይሁን ሰውየው የሚያውቀው ቀጥሎ ያለውን ሲያነብ ነው። ስለዚህ ነጠላ ቃል ብቻ አታስነብቡ።

አባት፣ ቱሉ ዲምቱ፦ ቁርስና ምሳ ለሁሉም ነው የሚሰጠው?

ቲቸር፦ በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አዎ፣ ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ። ቀጣይ።

እናት፣ ኮዬ ፈጬ፦ ምን ምን ትምህርት ነው ያላቸው?

ቲቸር፦ አማርኛ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ፣ የክወናና የእይታ ጥበባት። የልጅሽን ቦርሳ ክፈቺ፣ መጽሐፎቹ አሉ።

አባት፣ አያት፦ የኔ ልጅ ኬጂ ሦስት ዓመት ተምሮ ኤቢሲዲ ብቻ ነው የሚያውቀው። እንግሊዝኛው ላይ ብንገፋበትስ?

ቲቸር፦ በሚናገርበት ቋንቋ መጀመሪያ ያንብብ፤ እንግሊዝኛው ይደርሳል።

ጋሽዬ፣ ሰንዳፋ፦ ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና በተራ አታስጩኹ የምትዪው አልገባኝም። እኛ የኔታ ዘንድ ስንደዶ ይዘን እየጮኽን ነው የተማርነው። ዳዊት የደገምነው ትንሽ ልጅ ሆነን ነው።

አባት፣ አያት፦ ልክ ነዎት ጋሼ። የዛሬ ልጅ ጩኸት ሳይሆን ጉልበት ነው የጎደለው።

ቲቸር፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያስታውሱታል፤ ከሀሁ ቀጥሎ የኔታ ምን ነበር የሚያስቆጥሩት? አቡጊዳ! አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። «አ» ግእዝ፣ «ቡ» ካዕብ፣ «ጊ» ሣልስ፣ «ዳ» ራብዕ እያለ ተራው ሁሉ ይተራመሳል። ለምን ይመስልዎታል? ልጁ በዜማ እንዳያመልጥ ነው። ከዚያም ቢሆን መልእክተ ዮሐንስን ቀጥታ አያነቡም፤ መጀመሪያ ቁጥር፣ ቀጥሎ ግእዝ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ በሚባሉ የንባብ ደረጃዎች ነው ወደ ላይ የሚወጡት። የኔታ ሽምደዳን ከንባብ በደንብ ይለዩ ነበር። እኛ ሀሁዋን ብቻ ወስደን አቡጊዳውን ጣልነው።

ጋሽዬ፣ ሰንዳፋ፦ እሱስ እውነት ነው። ስንደዶዋንም አትርሻት፣ ጣት ሰነፍ ናት።

እናት፣ ጀሞ፦ እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ልጄ «ንጉስ» ብሎ ቢጽፍ መምህሩ ኤክስ አደረገበት። በ«ሠ» ነው አለው። ለሰባት ዓመት ልጅ!

አባት፣ አያት፦ ታዲያ በ«ሠ» አይደለም እንዴ? ስህተት ስህተት ነው።

እናት፣ ጀሞ፦ ድምፁ አንድ ሆኖ? ጋዜጣውም እኮ እንደፈለገው ነው የሚጽፈው።

አባት፣ አያት፦ እንግዲህ «ሠ»ን እናጥፋዋ! «ዐ»ንም «ፀ»ንም ጨምረን። ግእዙ ይቅር በቃ።

ወጣት፣ ቦሌ አራብሳ፦ ቢቀነስ ምን አለበት? ኪቦርዱም ይቀልል ነበር።

አባት፣ አያት፦ አየሽ ቲቸር? የመጣነው እዚህ ድረስ ነው።

ቲቸር፦ ኧረ ባካችሁ! ፊደል ይቀነስ አይቀነስ የሚለው ክርክር ከኛ በፊት የነበረ ነው፣ ዛሬ ማታ አያልቅም። ልጁን አስቡት። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ለሱ ስድስት ቅርጽ አንድ ድምፅ ናቸው። 1ኛ ክፍል ላይ እኔ «ንጉስ» ያለውን አርማለሁ እንጂ ኤክስ አላደርግበትም፤ ያነበበ ልጅ ከመጽሐፉ እያየ ይለምደዋል። ጨርሰናል።

እናት፣ ለገጣፎ፦ የኛ ቤት አማርኛ ነው የሚወራው፤ ልጄ ግን በአፋን ኦሮሞ ነው የምትማረው። ቁቤ ከእንግሊዝኛ ጋር እየተምታታባት ነው። ምን ላድርግ?

ቲቸር፦ ጥሩ ጥያቄ፣ በመጨረሻ! መምታታቱ ያለ ነው። ፊደሉ የላቲን ስለሆነ «ኤክስ»ን በቁቤ «ጠ» ትላታለች፣ «ሲ» ብቻዋን «ጨ» ናት። እንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ያው ፊደል ሌላ ድምፅ ይዞ ይመጣል። ግን ቁቤ የአማርኛው ችግር የለበትም፦ የሚጠብቀው ተነባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ የሚረዝመው አናባቢም እንደዚሁ። ድምፁን የሰማ ልጅ ይጽፈዋል። ስለዚህ ደብተሩን ለይላት፣ በአንድ ምሽት ሁለቱን አታቀላቅዪ፣ ቋንቋውን የሚናገሩ የጎረቤት ልጆች ጋር ትጫወት። የአማርኛ ፊደሉን ቤት ልታስተምሪያት ካሰብሽ ቁቤውን ማንበብ ትጀምር መጀመሪያ። ያኔም በተራ አታስጩኺያት።

አባት፣ ቂሊንጦ፦ ልጄ 2ኛ ክፍል ነች፣ ምንም አታነብም። እንዴት አለፈች?

ቲቸር፦ በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በታችኛዎቹ ክፍሎች ልጅ በተከታታይ ምዘና ያልፋል እንጂ አይደግምም ተባለ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ምዘናው የወረቀት ሲሆን ግን የማያነብ ልጅ ዝም ብሎ ይወጣል። ልጅዎ ብቻዋን አይደለችም። በ2002 ዓ.ም በተለያዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ አላነበቡም። አሁን እኛ ጋ ደግሞ ከመሀል ከተማ ተነሥተው በዓመቱ መሀል የሚገቡ ልጆች አሉ፤ ክፍሉ ይሞላል፣ ሁሉም ጋ መድረስ አይቻልም። ስለዚህ ማታ ማታ አሥር ደቂቃ ከጎኗ ይቀመጡ። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የታክሲ ታፔላ፣ የዘይት ጀሪካን ላይ ያለው ጽሑፍ፣ ሁሉም ይነበባል።

እናት፣ ኮዬ ፈጬ፦ ሒሳብ በጣቱ ነው የሚቆጥረው፣ ልከልክለው?

ቲቸር፦ አትከልክዪው። ቆርኪ ሰብስቢለት፣ አሥር አሥሩን በክር ይሰር።

አባት፣ ሰሚት፦ ሰላም ቲቸር፣ አሁን ነው የገባሁት። ልጄ ሀሁን በቃሉ ይላል ግን አያነብም…

ቲቸር፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ወደ ላይ ይሂዱ።

እናት፣ ገላን፦ የኔ ልጅ ትንሽ ደከም ይላል። ምን ይሻለዋል?

ቲቸር፦ ምኑ ላይ ነው የሚደክመው? ፊደል ላይ ነው? መጻፍ ላይ? ሰሌዳው አይታየው ይሆን? ከኋላ ወንበር ነው የሚቀመጠው? «ደከም ይላል» ብለሽኝ ምን ልመልስልሽ? ነገ ደብተሩን ይዘሽ መምህሩ ጋ ሂጂ፣ ከሰልፍ በፊት ድረሺ፤ ክፍል ከገባ በኋላ ማንም አያናግርሽም።