«ጣቢያ ላይ አምኖ ፈርሟል፤ አለቀለት ወይ?» በአደንዛዥ ዕጽ ክስ ላይ ጥያቄና መልስ

ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳና ከዓለም ከተማ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። የአንቀጽ ቁጥር የምጠቅሰው ችሎት ፊት በቁጥር የተናገረ ሰው ስለሚደመጥ ነው።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ወንድሜ የአውቶቡስ ረዳት ነው። ከፖርቶ መጋላው ላይ ካናቢስ ያለበት ማዳበሪያ ተገኘ። ጣቢያ «የእኔ ነው» ብሎ ፈረመ፤ አሁን ግን ተገድጄ ነው ይላል። አለቀለት?

አላለቀለትም። መጀመሪያ ቃሉን የሰጠው ለማን እንደሆነ ይለዩ። ለፖሊስ የተሰጠው በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 27 የሚመዘገብ የተከሳሽነት ቃል ነው። እዚያው አንቀጽ ላይ ተጠርጣሪው መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ፣ የሚናገረውም ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል ይላል። ቁጥር 31 ደግሞ ማስፈራራትን ብቻ ሳይሆን ማባበልንና ተስፋ መስጠትንም ይከለክላል። «እመንና ማታ ቤትህ ትገባለህ» ማለትም ክልክል ነው። ብዙ ሰው መገደድ ማለት ዱላ ብቻ ስለሚመስለው ይህን ለጠበቃው እንኳ ሳይነግር ይቀራል።

በፍርድ ቤት ፊት የተሰጠ ከሆነ ቁጥር 35 ነው የሚመለከተው። ዳኛው ጠይቆ፣ ቃሉ በፈቃድ የተሰጠ መሆኑን አረጋግጦ፣ ይህንኑም መዝገቡ ላይ ማስፈር አለበት። ቃሉ በሙሉ ተጽፎ ይነበብለታል፤ ከዚያ ይፈርማል። ይህን ቃል ማስተባበል ከጣቢያው ቃል ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ ከጣቢያ ተወስዶ ዳኛ ፊት የቀረበ ሰው ፈርቶ «በፈቃዴ ነው» ካለ በኋላ ነገሩ ይከብድበታል። መገደዱን መናገር ያለበት ያን ሰዓት ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል። ስለዚህ ጠበቃችሁ «ክብደት አይሰጠው» ሳይሆን «ከመዝገቡ ይውጣ» ብሎ ይጠይቅ።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ መደብደቡን በምን እናስረዳ? ያየ ሰው የለም።

የምስክር እጦት ያን ያህል አይጎዳም፤ የሚጎዳው መዘግየት ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የማይታሰበው አግባብ ያለው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። እዚያ ሲቀርብ፣ ዳኛው ባይጠይቀውም፣ የት ቦታ፣ መቼ፣ በምን እንደተመታ ይናገር፤ «ይመዝገብልኝ» ይበል፤ ሐኪም እንዲያየው ትእዛዝ ይጠይቅ። ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ የሚጠይቀው አንድ የጊዜ ቀጠሮ እስከ 14 ቀን ሊሰጥ ይችላል፤ የበለዘ ሰውነት ደግሞ በዚያው ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። በሁለተኛው ቀጠሮ ቢናገር የሚታይ ነገር ላይኖር ነው።

እናንተ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21(2) መሠረት የመጎብኘት መብት አላችሁ፤ ሐኪምና ጠበቃም እንዲሁ። ስትጎበኙት ያያችሁትን ከነቀኑ ጻፉ። የተቀደደ ወይም ደም የነካው ልብስ ካለ ሳታጥቡ አስቀምጡ። መርማሪው ተጠርጣሪን ማሠቃየቱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ራሱን የሚያስጠይቅ ስለሆነ አቤቱታውን ለዐቃቤ ሕግም በጽሑፍ አቅርቡ።

የቃሉን አጻጻፍም መርምሩ። የመንዝ ገበሬ «ከግብረ አበሬ ጋር በመመሳጠር» አይልም። የሁለት ተከሳሾች ቃል በነጠላ ሰረዙ ሳይቀር አንድ ከሆነ፣ ወይም ተከሳሹ ኦሮምኛ ወይም አርጎብኛ ብቻ እየተናገረ አስተርጓሚ የሌለበት አማርኛ ቃል ከተያያዘ፣ ቃሉ የእሱ ስለመሆኑ ጥርጣሬ አለ።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ አልተገደደም እንበል። ማመኑ ብቻውን ያስፈርዳል?

የእምነት ቃል ከሌላው ማስረጃ ጋር ሊመሳከር ይገባል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ቃሉ ፖሊስ አስቀድሞ የማያውቀውን ነገር አሳይቷል ወይ? ዕጹን የገዛበትን ቤት መርቶ ካሳየ ቃሉ ጠንካራ ነው። በፍተሻ የተያዘውን መልሶ የሚደግም ብቻ ከሆነ ግን የጨመረው ነገር የለም።

በአውቶቡስ ረዳቱ ጉዳይ ዋናው ጭብጥ ዕጽ መሆኑን ያውቅ ነበር ወይ የሚለው ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ለዝውውር ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራት ያስቀምጣል። በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት ደግሞ ሕጉ በግልጽ ካልደነገገ አያስቀጣም (አንቀጽ 59)። ማዳበሪያውን ማን ጫነው? ሒሳቡን ማን ከፈለ? ተሳፋሪው የት ወረደ? ስልኩ ላይ የተገኘ ጥሪ አለ? እነዚህ ሳይመለሱ «እሱ ነው የሚጭነው» ማለት ጥርጣሬውን አያነሳም፤ ጥርጣሬው ካልተነሳ ደግሞ ጥቅሙ የተከሳሹ ነው። ዐቃቤ ሕግ ካላስረዳ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 141 መከላከል ሳያስፈልግ በነፃ ይሰናበታል።

ጥያቄ፦ ክሱ ሲነበብ «ዕቃውን ይዤ ነበር፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም» ቢል እንዳመነ ይቆጠራል?

አይቆጠርም። ማመን የሚባለው የክሱን ፍሬ ነገር በሙሉ ያለ ምንም ገደብ ሲቀበል ነው (ቁጥር 134)። ግን ጸሐፊው «አምኗል» ብሎ እንዳያሳጥረው ቃሉ እንዲነበብለት ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጫትስ?

ጫት በአገራችን የተከለከለ ዕጽ አይደለም።

ጥያቄ (ዓለም ከተማ)፦ ፖሊስ 3 ኪሎ ብሎ ይዞ የላቦራቶሪው ውጤት ከዚያ አነሰ። ይጠቅመናል?

ልዩነቱ ብቻውን አይበቃም። እርጥብ ቅጠል ሲደርቅ ይቀላል፤ ከነማዳበሪያው የተመዘነም ኋላ ለብቻው ሲመዘን ያንሳል። የፍተሻ ደረጃ ምስክሮቹን (ፍተሻው ሲካሄድ እንዲያዩ የተጠሩትን ሰዎች) መስቀለኛ ጥያቄ ስትጠይቁ፦ ሲመዘን ነበራችሁ? ከነመያዣው ነው? ፊታችሁ ታሽጎ ፈረማችሁበት? ኤግዚቢቱ (በማስረጃነት የተያዘው ዕቃ) እስኪላክ በማን እጅ ነበር? የእሽጉ ቁጥር ከላቦራቶሪው ደብዳቤ ጋር ካልገጠመ የተመረመረው ያው የተያዘው ዕቃ መሆኑ ያጠራጥራል።

የእምነት ቃሉንም ከዚያው ጋር አነጻጽሩ። ማዳበሪያው ከነመያዣው 3 ኪሎ ተመዝኖ፣ ተከሳሹም «3 ኪሎ ካናቢስ ገዛሁ» ብሎ ከተጻፈ፣ ቁጥሩ የመጣው ከፖሊስ ሚዛን እንጂ ከሻጩ ሚዛን አይመስልም።