አባትሽን ዊሊያምስበርግ ውሰጃቸው
እህቴ ሰላም። አባትሽ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁሽ እንደሚመጡ፣ በዊልቸር እንደሚንቀሳቀሱ፣ ዓይናቸውም እየደከመ እንደሆነ ጽፈሻል። አሜሪካ ቨርጂኒያ ያለውን ኮሎኒያል ዊሊያምስበርግ (የ18ኛው ክፍለ ዘመን ኑሮ በሰዎች እየተሠራ የሚታይበትን ሙዚየም) ልታሳያቸው ፈልገሽ "ማንገላታት ይሆንብኛል ወይ? ጁላይ ይሻላል ኦክቶበር?" ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ እማዬን በዊልቸር ሁለት ቀን ሙሉ እዚያ ይዣት ዞሬያለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ። ውሰጃቸው።

ቦታው አንድ ሕንፃ ሳይሆን ከተማ ነው። ዊሊያምስበርግ ከ1699 እስከ 1780 የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ነበረች። ዛሬ ታሪካዊው ክልል ወደ 300 ኤከር ይሰፋል። ዋናው መንገድ ዱክ ኦፍ ግሎስተር ስትሪት ብቻውን አንድ ማይል ያህል ነው። ሁሉንም አያለሁ ያለ ጤነኛ ሰው እንኳ ይደክመዋል።

ደስ የሚለው መንገዱ ሰፊና ለጥ ያለ ነው፤ ቀን ቀን መኪና አይገባበትም። ዊልቸር በደንብ ይሄድበታል። ችግሩ ከዋናው መንገድ ስትወጪ ነው። የእግረኛው መሄጃ ጡብ ነው፤ ያነጥራል። በየአትክልቱ ውስጥ ደግሞ ጠጠርና የተሰባበረ የባሕር ዛጎል አለ። ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች እዚያ ውስጥ ይሰምጣሉ። መጀመሪያ ቀን እኔ ዝም ብዬ ስገፋ ዊልቸሩ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እማዬ በግንባሯ ልትደፋ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ጠጠር ላይ ዊልቸሩን አዙሪና ወደ ኋላ ጎትቺው። ትልልቆቹ ጎማዎች ሲቀድሙ ያልፋል። የፈረስ ጋሪ ስለሚመላለስ መንገዱ ላይ ፋንድያ አይጠፋም። አባትሽ ጎማውን በእጃቸው የሚያሽከረክሩ ከሆነ ጓንት ያዢላቸው።

ወደ ቤቶቹ ስንመጣ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ቤት ደረጃ አለው፣ ሊፍት የለውም። ለአንዳንዱ ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) ተሠርቶለታል፣ ለአንዳንዱ የለም። በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሁሉም ሰው እንዲገባ ያዛል፤ ነገር ግን ራምፑ የታሪካዊውን ቤት ታሪካዊነት የሚያጠፋ ከሆነ በሌላ መንገድ እንዲያሳዩ ይፈቅዳል። ስለዚህ ደረጃ ሲገጥምሽ ተመልሰሽ አትሂጂ። "ፎቁን በፎቶ ወይም በገለጻ ልታሳዩዋቸው ትችላላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። ከመሄድሽ በፊትም ደውይና የትኞቹ ቤቶች በዊልቸር እንደሚገቡ አጣሪ። ከዚያ ዝርዝሩን ለአባትሽ አንብቢላቸውና እሳቸው ይምረጡ። በቀን ሦስት ቦታ ይበቃል።

እኔ በመጀመሪያው ቀን የራሴን ምርጫ ይዤ እማዬን ከአገረ ገዥው ቤተ መንግሥት እስከ ካፒቶል (የድሮው ምክር ቤት ሕንፃ) አንከራተትኳት። በሁለተኛው ቀን "ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?" ስላት "የሚሠራ ሰው" አለችኝ። ያኔ ነው ጉዞው የተሳካው። እዚያ አንጥረኛ፣ አናጢ፣ ጫማ ሰፊ፣ ሸማኔ በድሮው መሣሪያ እውነተኛ ሥራ ይሠራሉ። እማዬ ጎንደር ጥጥ ስትፈትል ያደገች ናት። ፈታይዋ የበግ ጠጉሩን ስታሳያት በጣቶቿ ፈልቀቅ አድርጋ፣ በእንዝርት እንዴት እንደሚፈተል በባዶ እጇ አሳየቻት። ያለ እንግሊዝኛ ተግባቡ። እኔ ማስተርጎሜን ትቼ ዝም ብዬ ቆምኩ።

ይህ በተለይ ለአባትሽ ነው የሚሆነው። ዓይን ቢደክምም የመዶሻው ድምፅ፣ የከሰሉ ሽታ፣ የእንጨቱ ፍቅፋቂ አለ። መንካት ይቻል እንደሆነ ባለሙያዎቹን ጠይቂ። የትኛው ሥራ የትኛው ቀን እንደሚከፈት ይለያያልና የዕለቱን ፕሮግራም ጠዋት እይ። መንገዱን መዞር በነፃ ነው፤ ትኬቱ ወደ ቤቶቹና ወደ ሥራ ቦታዎቹ ለመግባት ነው።

የባሪያ ንግዱን ታሪክም እንዲሰሙ አድርጊ። በዚያ ዘመን ከከተማው ነዋሪ ከግማሽ በላይ ጥቁር ነበር፤ አብዛኛው በባርነት። ተራኪዎች በእነዚያ ሰዎች ስም ቆመው ይናገራሉ። ግን ሰው ከቦ ሲቆም ዊልቸር ላይ ያለ ሰው የሚያየው ጀርባ ብቻ ነው። ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ፊት ያዙ። የምታስተረጉሚውም በደንብ በሚሰማቸው ጆሮ በኩል ሆነሽ ይሁን።

ማረፊያ ላይ እኔ ተታልያለሁ። ሆቴሉ "ለዊልቸር የሚሆን ክፍል" ብሎ ሰጠን፤ ስንገባ መታጠቢያው ጉልበት የሚደርስ ገንዳ ነው። እማዬን አቅፌ ነው ያስገባኋት። አንቺ "ዊልቸር እስከ ውስጥ የሚገባበት ሻወር አለ?" ብለሽ ጠይቂ፣ ፎቶም አስልኪ። መጸዳጃ ቤቶቹን ትኬት ስትቆርጪ ካርታው ላይ ምልክት አስደርጊ። ከጎብኚዎች ማዕከል የሚነሱት አውቶቡሶች ዊልቸር ይጭናሉ፤ መኪናሽን እዚያው ተይው።

ወሩን በተመለከተ ኦክቶበር ይሁን። ጁላይ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፣ ወበቁ ያፍናል፤ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ አስፋልቱ ከታች ያቃጥላል። የግድ ጁላይ ከሆነ ጠዋት ዙሩ። እኩለ ቀን ላይ ወደ አርት ሙዚየሞቹ ግቡ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ሊፍትም አለ። እዚያው ቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድሪያ የምትነሺ ከሆነ ኢንተርስቴት 95 የሚባለው አውራ ጎዳና ዓርብ ከሰዓት ይዘጋጋል። ሐሙስ ማታ ውጡ።